ጥቂት ሥጋ ዘወትር ወይስ ብዙ ሥጋ አንድ ቀን?

ስለ ምግብ በጋዜጣ ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ መስሎ ይታየው ይሆናል። ስለ ትምህርት፥ ስለ መንገድ፥ ስለ ሥራ መጻፍ ሲገባ ስለ ሊጥና ስለ ሥጋ የሚያወራው ምን ዓይነት ጸሐፊ ነው የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን ተማሪው መጽሐፉን የሚያነበው፥ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛም መዝገቡን የሚያገላብጠው በበላው ምግብ ኀይል ነውና፥ በዛሬው እሑድ ስለ አንድ የባሕር ማዶ ምግብና ያ ምግብ ስላሳየን የራሳችን ጉድለት ጥቂት ብንነጋገር ጊዜያችንን በከንቱ ያጠፋን አይመስለንም።

በቅርቡ አብረውን የተማሩ ጓደኞቻችንን ለመጠየቅ ወደ አዲስ ቅዳም ሄደን ነበር። አዲስ ቅዳም በአዊ ዞን ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። ጓደኞቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ተመድበው አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። የደረስነው ሐሙስ ማታ፥ ደመወዝ በወጣ ማግስት ስለ ነበረ፥ ሻንጣችንን እንኳ ሳናስቀምጥ ይዘውን ወደ ሥጋ ቤት ገሠገሡ። ስድስት ነበርን፤ የታዘዘው ግን ሦስት ኪሎ ጥሬ ሥጋ ነው። ቢላዋ ተያዘ፥ አዋዜው ቀረበ፥ ጨዋታው ደራ። እውነቱን ለመናገር እኛም ከማንም አላነስንም።

ሲጠግቡ ጊዜ፥ «ወሩን በሙሉ እንዲህ ነው የምትኖሩት?» ብለን ብንጠይቃቸው ሳቁብን። ለካስ ከወሩ አጋማሽ በኋላ ያለው ኑሮ ሌላ ነው። ጠዋት ሻይ በዳቦ፥ ቀን ሽሮ፥ ማታም ያው ሽሮ፤ አንዳንዱም ማታውን በቅቅል ድንች ያሳልፈዋል። በወር መጀመሪያ እንደ ጌታ፥ በወር መጨረሻ እንደ ስደተኛ መኖር የተለመደ ነገር ሆኖአል። ይህ የጓደኞቻችን ብቻ ነውር ነው አንልም፤ በአዲስ አበባም ያለነው የምንኖረው እንዲሁ ነው።

ከመካከላቸው አንደኛው ግን ሁለት ዓመት ቻይና ቆይቶ የተመለሰ ሰው ነው። ዓርብን በጾም አሳልፈን ቅዳሜ ሲነጋ፥ «ዛሬ በአንድ ኪሎ ሥጋ ግቢውን በሙሉ አበላችኋለሁ» ብሎ ተነሣ። እኛም ቀልድ መስሎን ተከተልነው። ቅዳሜ ደግሞ ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችበት የገበያ ቀን ነው። ድንቹ በጆንያ፥ ገብሱና ስንዴው በቁና፥ ጎመኑና ነጭ ሽንኩርቱ በመደብ ተዘርግቶ፥ በጉና ፈረሱ ሲነዳ ያየ ሰው፥ በዚህ አገር ምግብ ጐደለ ቢሉት አያምንም። ጓደኛችን አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ፥ አንድ ራስ ጥቅል ጎመን፥ ሽንኩርት፥ ዝንጅብልና የስንዴ ዱቄት ገዝቶ ተመለሰ።

ምግቡን ቻይናዎች ጂያኦዚ ይሉታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዱቄቱ በውሃ ታሽቶ ጠንከር ያለ ሊጥ ይሆንና ጥቂት ያርፋል። ሥጋው ደቅቆ ይከተፋል፤ ጎመኑም ተከትፎ በጨው ይታሽና ውሃው ይጨመቃል፤ ከዚያም ከሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋራ ከሥጋው ይለወሳል። ሊጡ በትንሽ በትንሹ እየተቈረሰ እንደ መዳፍ ስፋት በስሱ ይዳመጣል። በመካከሉ አንድ ማንኪያ ሥጋ ይደረግና እንደ ግማሽ ጨረቃ ታጥፎ ጠርዙ በጣት ይጠፈናል። በመጨረሻ በፈላ ውሃ ይቀቀላል፥ ወይም በእንፋሎት ይበስላል። መዳመጫ ስላልነበረን ጠርሙስ ተጠቀምን፤ እንፋሎቱንም በድስት አፍ ላይ ወንፊት ደፍተን ሠራነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ በበሩ ብቅ ብለው፥ «ወንዶች ልጆችም ሊጥ ያሻሉ እንዴ?» ብለው ቢስቁም ጥቂት ቆይተው እጃቸውን ታጥበው አብረውን ተቀመጡ። እውነቱን ለመናገር ከሁላችንም ይልቅ አሳምረው የጠፈኑት እርሳቸው ናቸው።

በዚያ ቀን ከአንድ ኪሎ ሥጋ ሁለት መቶ ያህል ጂያኦዚ ወጣ። ለአንድ ሰው 15 ቢደርስ 13 ሰው ያጠግባል ማለት ነው። ሐሙስ ማታ ሦስት ኪሎ ለስድስት ሰው፤ ቅዳሜ አንድ ኪሎ ለ13 ሰው። ይህ ልዩነት ሌሊቱን ሲያሳስበን አደረና ወረቀትና እርሳስ አንሥተን ሒሳቡን ሠራነው።

አንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ወደ 200 ግራም ፕሮቲን አለው። ለሁለት መቶው ጂያኦዚ የገባው የስንዴ ዱቄት አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ያህል ስለ ነበረ፥ ከእርሱ ደግሞ 130 ግራም ያህል ይገኛል። ሁለቱ ሲደመሩ 330 ግራም ነው። እንግዲህ 15 ጂያኦዚ የበላ ሰው 25 ግራም ያህል ፕሮቲንና 500 ያህል ካሎሪ አገኘ ማለት ነው። ጤነኛ ጐልማሳ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን እንደሚበቃው የምግብ ሊቃውንት ያስተምራሉ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 50 ግራም ያህል ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በአንድ ሳሕን የቀኑን ግማሽ አገኘ።

ሐሙስ ማታ ግን እያንዳንዳችን ግማሽ ኪሎ ሥጋ በልተናል፤ መቶ ግራም ፕሮቲን ነው። «ታዲያ የበለጠው አይሻልም ወይ?» የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ሰውነታችን ስብን እንደሚያከማች ፕሮቲንን ለሚመጣው ሳምንት አያከማችም። ከሚያስፈልገው በላይ የሆነውን ወይ ያቃጥለዋል፥ ወይ ወደ ስብ ይለውጠዋል። ሐሙስ የበላነው ሥጋ በወሩ 25ኛ ቀን በሽሮ ብቻ ስንውል ሊረዳን አይመጣም። ሆድ እንደ ጎተራ አይደለም፤ የዘወትር ጠያቂ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ስንዴ ብቻውን ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ይጐድለዋል፤ ሥጋ ደግሞ በዚሁ የበለጸገ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ጕርሻ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው ብረትም እንዲሁ ነው። በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም፤ ጥቂት ሥጋ አብሮት ሲኖር ግን አወሳሰዱ ይሻላል። ጎመኑ ያለው ቫይታሚን ሲም ምንም እንኳ በሙቀት የሚቀነስ ቢሆን በዚሁ ይረዳል። ቫይታሚን ቢ 12 ደግሞ በተፈጥሮው ከሥጋ፥ ከእንቍላል፥ ከወተትና ከመሰለው በቀር ከእህል አይገኝም። እንግዲህ የጂያኦዚ ጥበቡ በሥጋው ብዛት አይደለም፤ ጥቂቱን ሥጋ ከእህልና ከአትክልት ጋራ አጋብቶ ለብዙ ሰው ማዳረሱ ነው።

ስለ ጥሬ ሥጋም አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አንችልም። የኮሶ ትል በጥሬ የበሬ ሥጋ እንደሚተላለፍ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል፤ አባቶቻችንም የኮሶን ዛፍ አበባ መድኀኒት ያደረጉት ስላወቁት ነው። የተከተፈ ሥጋ ከሆነማ በላዩ የነበረው ረቂቅ ተሕዋስ ሁሉ ወደ ውስጡ ስለሚደባለቅ ደኅና አድርጎ ማብሰል የግድ ነው። ጂያኦዚ በሚፈላ ውሃ እስከ መካከሉ ሲበስል ይህ ሥጋት ይወገዳል።

ታሪኩን ለማወቅ ለሚሻ አንባቢ ጥቂት እንጨምር። ቻይናዎች ጂያኦዚን የጀመረው ከዛሬ 1800 ዓመት ግድም የነበረው ሐኪም ጃንግ ጆንግጂንግ ነው እያሉ ይተርካሉ። ሐኪሙ በክረምት ወደ አገሩ ሲመለስ ድኾች በብርድ ጆሮአቸው ቈስሎ አገኘ። ያን ጊዜ የበግ ሥጋ ከቁንዶ በርበሬና ከመድኀኒት ቅጠል ጋራ ቀቅሎ፥ ከትፎ፥ በሊጥ በጆሮ አምሳል ጠቅልሎ ከነመረቁ አበላቸው ይባላል። ስለዚህ በሰሜን ቻይና እስከ ዛሬ ሌሊቱ እጅግ በሚረዝምበት የክረምት ቀን ጆሮአችን እንዳይቈስል እያሉ ጂያኦዚ ይበላሉ። ይህ ተረት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በምዕራብ ቻይና በቱርፋን በረሃ ከታንግ ዘመን መቃብር ውስጥ ደርቆ የቆየ ጂያኦዚ ተገኝቶአልና፥ ምግቡ ከሺሕ ዓመት በላይ ማስቈጠሩ የታወቀ ነው። ለአዲስ ቀን መለወጫም ቤተ ሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ ይሠራዋል፤ በአንዱ ውስጥ ሳንቲም ይሸሸግና የደረሰው ሰው ዓመቱ የዕድል ዓመት ይሆንለታል ይባላል። ተረቱን እንደ ተረት እንተወውና፥ ሐኪም በብርዳም አገር ለድኻ ያዘዘው መድኀኒት ምግብ ነው መባሉ ብቻ ለእኛ ለደገኞቹ ትምህርት ይሆነናል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ቻይናን የምናውቃት በመንገዷ ነው። የቻይና ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤንላይ በ1956 ዓ. ም. አገራችንን ጐብኝተዋል፤ ሁለቱ መንግሥታት በኅዳር 1963 ዓ. ም. የዲፕሎማሲ ግንኙነት መሠረቱ፤ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴም በ1964 ዓ. ም. መጀመሪያ ወደ ፔኪንግ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ቻይናዎች ከወረታ እስከ ወልድያ ያለውን ተራራ ሰንጥቀው መንገድ ሠሩልን፤ በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም የእነርሱ እጅ ያለበት ነው። ከአስፋልታቸው ያገኘነውን ያህል ከወጥ ቤታቸው ግን አልተማርንም።

ይህን ስንጽፍ፥ «የራሳችን ምግብ ምን አነሰንና የሰው አገር ምግብ እንልመድ?» የሚል ቍጡ አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። እንጀራችንን ተዉ የሚል ከእኛ ዘንድ የለም። ነገር ግን ዛሬ የአዊ ደጋ የሚኰራበት ድንች ራሱ ጀርመናዊው ሺምፐር በ1850 ዓ. ም. ግድም ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እንግዳ መሆኑን እናስታውስ። ያለ እርሱ ወጥ ወጥ የማይመስለን በርበሬም መነሻው የአሜሪካ ምድር ነው። በየመንገዱ ዳር የምንገዛው ሳምቡሳ ደግሞ ስሙ ከፋርስ የመጣ ነው፤ እርሱም ያው በሊጥ የተጠቀለለ ምግብ ስለ ሆነ ለጂያኦዚ እንደ ዘመድ ነው። ልዩነታቸው ሳምቡሳ በዘይት መጠበሱ ነው። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ሲኖረው አንድ ግራም ፕሮቲን ግን 4 ብቻ ነውና፥ ተቀምጦ ለሚውል የቢሮ ሰው የተቀቀለው ይሻለዋል። እንግዳን ምግብ ተቀብሎ የራስ ማድረግ እንግዲህ የአባቶቻችን ልማድ ነው። ሥጋውም የአሳማ ይሁን የሚል ሕግ የለም፤ የቻይና እስላሞች በበግና በበሬ ሥጋ ይሠሩታል።

ደግሞም ጂያኦዚን ነውር የሌለው ምግብ ነው አንልም። ነጭ ዱቄት ገለባው ስለ ወጣ ከሙሉው ስንዴ ያንሳል፤ በቤት የተፈጨው ያገራችን ዱቄት ይመረጣል። ቻይናዎች የሚያጠቅሱበት የአኩሪ አተር መረቅ ጨዉ ብዙ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ጐልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል። በእኛ በኩል ጥቂት አዋዜ ወይም ሎሚ በሚጥሚጣ ይበቃል።

ነገሩ የወንደላጤ ኑሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት ነበር። እትዬ አራት ዓመት የሆነው ልጅ አላቸው። ጎመን ሲሰጡት ፊቱን የሚያዞረው ይህ ልጅ በሊጥ የተሸሸገውን ጎመን ሳያውቀው ስድስት ጂያኦዚ በላ። እናቱ ሲያዩ ዝም አሉና፥ «ለካስ ጠልቶት ሳይሆን መልኩን ፈርቶ ኖሮአል» አሉ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። በ2008 ዓ. ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 46 ያህሉ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቶአል። በ2011 ዓ. ም. በተደረገው ጥናት ቍጥሩ ወደ 41 ቢወርድም አሁንም እጅግ ብዙ ነው። ይህ ቀጨጨ የምንለው ልጅ ቁመቱ ብቻ አይደለም የሚጐዳው፤ አእምሮውና የትምህርት ችሎታውም ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ. ም. የሰቆጣን ቃል ኪዳን የገባው ይህን መቀንጨር ለማጥፋት ነው።

ገበያው ሞልቶ ልጁ ለምን ይቀጭጫል? አንደኛው ምክንያት ድኽነትና በሽታ መሆኑን አንክድም። ሁለተኛው ግን ምግብ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለ ሆነ በድንችና በቂጣ ሲሞላ ለሌላው ቦታ አይተርፍም። በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ብዙው ገበሬ በማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል እያከሰለ ሲሸጥ ቆይቶአል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይጫን ነበር። ገንዘብ ገባ፥ ቤቱም ቆርቆሮ ለበሰ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ከዛፉ የተገኘው ብር ወደ ልጁ ሳሕን እንቍላልና ሥጋ ሆኖ ካልደረሰ ገብስ ያበቅል የነበረው ማሳ ለልጁ ምን ጠቀመው? ለበዓል በሬ በቅርጫ ተካፍሎ ሦስት ቀን መጥገብ፥ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው በዓል ሥጋ ሳያዩ መክረም፥ ይህ የእኛ የወንደላጤዎቹ ደመወዝ ልማድ በሌላ መልኩ መሆኑን አስተውሉ።

እትዬ ደግሞ እጃቸውን ሲታጠቡ፥ «ለጾሙስ ምን ትጠቀልሉበታላችሁ?» አሉን። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የጾሙ ቀን በዓመት ከ180 የማያንስ ስለ ሆነ መልስ የሌለው ምክር ግማሽ ምክር ነው። መልሱ ከደጃችን ነው። ጎጃም የግብጦ አገር ነው። ግብጦ በፕሮቲን እጅግ የበለጸገ ነው፤ ከክብደቱ ሲሶ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው። መራራነቱና በውስጡ ያለው መርዛም ነገር እንዲለቅ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ውሃው እየተለወጠ ብዙ ቀን መዘፍዘፍ ይገባዋል፤ ይህንንም የአገሩ እናቶች ከማንም አሳምረው ያውቁታል። ያን የመሰለ እህል እኛ ወጣቶቹ የምናውቀው በአረቄው ነው! የተዘፈዘፈ ግብጦ ተወቅጦ፥ ወይም አተር ተቀቅሎ፥ ከጎመንና ከሽንኩርት ጋራ በሊጥ ቢጠቀለል የጾም ጂያኦዚ ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ስንመጣ ግብጦውን ራሳቸው እንደሚዘፈዝፉ ቃል ገብተውልናል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ወሬ በኋላ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። በኪራይ ቤት አብራችሁ የምትኖሩ ወጣት ሠራተኞች፥ ለወር መጀመሪያው ሥጋ ቤት ከምታወጡት ግማሹን አስቀሩና በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ኪሎ ገዝታችሁ ተሰብስባችሁ ሥሩ፤ ወጥ ቤት መግባት ለወንድ ልጅ ውርደት ሳይሆን ሙያ ነው። በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ተማሪዎች፥ ይህን ሒሳብ ለየክበባችሁ ውሰዱትና በየአገራችሁ ገበያ ዋጋ ሥሩት። ከ1995 ዓ. ም. ጀምሮ በየቀበሌው የሚደክሙት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ፥ ለእናቶች የምግብ አሠራር ሲያሳዩ ከገንፎው ጎን ይህንንም ቢያሳዩ ልጆች በደስታ የሚበሉት ይመስለናል።

ስሙን ጂያኦዚ በሉት፥ ወይም የራሳችሁን ስም አውጡለት፤ በስሙ አንጣላም። እኛን ያስጨነቀን አንድ ነገር ብቻ ነው። በአገራችን ሥጋም፥ ስንዴም፥ ጎመንም አለ፤ ነገር ግን ሦስቱ በአንድ ሳሕን፥ በየሳምንቱ፥ ለሁሉም አልተገናኙም። ይህን ለማገናኘት ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጠርሙስ፥ ወንፊትና የሁለት ሰዓት ትዕግሥት ይበቃል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶቻችን። እኛም የሐሙስ ማታውን ጥጋብ ረስተነዋል፤ የቅዳሜው ግን ልጁ ሰባተኛውን ሲጠይቅ ከነድምፁ ትዝ ይለናል።